የስጦታ ዕረፍት

ደባርቅ፣ ነሐሴ 22 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለቄስ ገብረ ኪዳን፣
ደረስጌ።

የደረስጌ ማርያም ጥላዋን አታንሣብዎ። ክረምቱ ጉልበትዎን እንዴት አድርጎታል? ያ ሳልስ ለቀቀዎ? እኔ የአክስትዎ ልጅ አረጋሽ ከሐዘኑ በቀር አለሁ። ላሚቱ ወልዳለች፤ ጣራው ግን ያፈሳል።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ከመሠረተ ትምህርት ያመጣሁት ፊደል የዶሮ ጭረት መሆኑን አውቃለሁ፤ አይሳቁብኝ። ሰው እንዳላስጽፍ ነገሩ የሰው ጆሮ የሚገባበት አይደለም።

ልጃችን ስጦታ በዚህ ሳምንት ከዳባት መጣች። የምትሠራበት ክሊኒክ ዕረፍት ሰጥቷታል፤ ከጉዞዋ በፊት ሰውነቷ ይጠና ብለው ነው። እንቁጣጣሽን እዚህ ውላ በማግስቱ መኪና ትይዛለች። ጎንደር፣ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ምሥራቅ ጀርመን፤ አዋላጅነት ልትማር። ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ «እትዬ አረጋሽ፣ በዕድሜዬ አርፌ አላውቅም፤ እንዳታዝዢኝ» ብላ አልጋዬ ላይ ተዘረረች።

አባቴ፣ እናቷ ደብሪቱ አፈር መልበሷን ይህች ልጅ አታውቅም። እርስዎም እኔም እንዳንነግራት ቃል ገብተናል። እኅትዎ ስታጣጥር «ሳትሻገር እንዳትነግሯት» ያለችው በጆሮዬ አለ። እውነቷን ነው። አባቷ ቢራራ የሞተ ጊዜ ጎንደር ለትምህርት ተጠርታ አልነበረም? ለቅሶ ተቀምጣ ስትነሣ ቦታዋ ለሌላ ተሰጥቶ አልጠበቃትም? አሁንም ብትሰማ ሻንጣዋን ጥላ ደረስጌ ትወርዳለች፤ መኪናውም አውሮፕላኑም ያልፋታል። ሁለተኛ ማን ይጠራታል?

እሷማ እያረፈች ነው። ፀሐይ ብልጭ ስትል ቁርበት አንጥፋ ደጅ ትጋደማለች። ገበጣ እንጫወታለን፤ ጠጠሬን ሁሉ ትበላኛለች። እሸት በቆሎ ትጠብሳለች፤ የክሊኒኩን ሐኪም አነጋገር እየቀዳች ታስቀኛለች። ስስቅ ቆይቼ ደብሪቱ ትዝ ትለኛለች፤ ያኔ ጓሮ ወጥቼ አፍንጫዬን እጠርጋለሁ። የሐዘን ልብሴን ሣጥን ውስጥ ደብቄያለሁ። ትናንት ውኃ ልቀዳ ስወጣ እጄ ለምዶበት ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ኖሯል። «እትዬ፣ ማን ሞተ?» አለችኝ። «ማንም፤ ጨለማ ነው፣ ሳላይ ለብሼው ነው» አልኩ። ጠላ እንኳ መቅመስ ትቻለሁ፤ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል የለ።

የሚያስፈራኝ አንድ ነገር ነው። «ደረስጌ ወርጄ እናቴን ስሜ ልምጣ» ትለኛለች በየቀኑ። እኔም «እናትሽ ጠበል ገብታለች፤ ጳጉሜን እስክትወጣ ሰው አታነጋግርም» አልኳት። አላመነችኝም መሰለኝ። እርስዎ በእጅዎ ይጻፉላት፤ እናትሽ ደኅና ናት፣ ጠበል ላይ ናት ይበሉልኝ። የእርስዎን እጅ ካየች ታምናለች። ደብዳቤውን ያርጋል ያመጣልኛል፤ በቅሎ እየነዳ በየገበያው ይመላለሳልና። ቶሎ ይበሉልኝ።

አረጋሽ


ደረስጌ፣ ነሐሴ 27 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለአረጋሽ፣

ሰላመ እግዚአብሔር በቤትሽና በከብትሽ ላይ ይደር። ጉልበቴም ሳሉም እንዳሉ ናቸው፤ ከእኔ ጋር ይሸመግላሉ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልምከርሽ። ያርጋል ደብዳቤሽን ይዞ ሲመጣ ኬላው ላይ ተፈተሸ። ወታደሩ «እንዳንነግራት» የሚለውን ቃል አነበበና «ማን ናት? የማይነገራትስ ምንድን ነው?» ብሎ ዝናብ ላይ አቆመው። ያርጋልም ቢጨንቀው «እናቷ ሞታባት ነው፣ ጌታዬ» አለ። ወታደሩ እንደገና አነበበው አሉ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ መለሰለትና «ለእኔም ከቤት፣ እናትህ ደኅና ናት እያሉ ይጽፉልኛል» አለው። ስለዚህ በሚቀጥለው ስትጽፊ ቃልሽን ምረጪ፤ መዘዙ ለእኛም ለሰውም እንዳይተርፍ።

የለመንሽኝን ግን አልችልም። የሞተችውን አለች ብዬ አልጽፍም። ነገ በዚህ አፌ ቅዳሴ እገባለሁ፤ በዚህ እጄ ሥጋ ወደሙ አቀብላለሁ። አንቺ ጠበል ገብታለች ብለሻል፤ እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ አልፈርድብሽም። እኔ ግን ውሸት ያልሆነ፣ መርዶም ያልሆነ ቃል ስፈልግ ሁለት ሌሊት ተቀምጬ ይህን ጻፍኩ። ለብቻው በታጠፈው ወረቀት ላይ ያለው እንዲህ ይላል፦

«ልጄ ስጦታ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽ ደብሪቱ ከድካሟ አርፋለች። ሁላችንም አጠገቧ ነበርን፤ ምንም አልጎደለባትም። አንቺንም፣ እግርሽን ዕንቅፋት አያግኘው፣ የሰው አገር ሰው ይውደድሽ ብላ መርቃሻለች። ወንዙ ሞልቷልና ወዲህ ለመምጣት አትድከሚ። መንገዷን ትሂድ ያለችው እሷ ናት፤ እኔ ቃሏን አደረስኩ።»

አየሽ፣ ከዚህ ውስጥ ሐሰት የለም። ዕረፍት ላይ ያለ ሰው «አርፋለች» ሲሉት እንደራሱ ዕረፍት ይሰማዋል። ስታነብ ፊቷን ተመልከቺልኝ። ያየሽውንም ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

ቄስ ገብረ ኪዳን


ደባርቅ፣ ጳጉሜን 1 ቀን 1975 ዓ.ም.

አባቴ ሆይ፣

ጳጉሜን በበረከት ትግባልዎ። ወረቀትዎ ደረሰ። ጉድ አደረጉኝ! «አርፋለች» የሚለውን አስቀድሜ ባየው ኖሮ ምድጃ ውስጥ እከተው ነበር። ያርጋል የሰጠው ለእሷ፣ በእጇ፤ እኔ ጎመን እየቀነጠስኩ።

ጮክ ብላ አነበበችው። እኔ ትንፋሼን ይዤ ጎመኑን ጨበጥኩ። «ከድካሟ አርፋለች» ላይ ስትደርስ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ሰሞኑን ጉንፋን ነገር ነበረባት። ከዚያ እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ ወረደችው። ሲያልቅ አጥፋ ብብቷ ውስጥ ከተተችና «እሰይ፤ እናቴም እንደኔ ዕረፍት አገኘች» አለች። ፈገግ ብላ ነው ያለችው። እኔ ደግሞ እፎይ ብዬ የቀረውን ጎመን ከነአፈሩ ድስት ውስጥ ጨመርኩት።

ይኸውልዎ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ደረስጌ ልውረድ ማለቱን ተወችው። ደስ ሊለኝ ሲገባ አልተኛም። እንቅልፍ አበዛች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትጋደማለች። «ምን ሆነሻል?» ስላት «ዕረፍት ላይ አይደለሁ?» ትለኛለች። ገበጣ ስንጫወት አሁን እኔ ነኝ የማሸንፈው።

ትናንት ደግሞ ያንን መጋረጃ የመሰለ ጸጉሯን በመቀስ ቆርጣ አገኘኋት። ጮህኩ። «ጀርመን ማን ይሠራኛል ብለሽ ነው?» አለችኝ። ነገሩ እውነት ነው፤ ግን እንቁጣጣሽ ሊደርስ ሲል የልጃገረድ ጸጉር ወድቆ ማየት ሟርት መሰለኝ። ጠራርጌ ቀበርኩት።

ወደ ቡይት ራስ እንውጣ፣ አገር ልይ ብላ ወሰደችኝ። ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠን ዳቦ በላን፤ ዝንጀሮዎቹ ከእኛ በታች ሣር ይነጫሉ። «ደረስጌ በየት በኩል ነው?» አለችኝ። አሳየኋት። ጉም መጥቶ እስኪሸፍነው ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም። ሌላ ሰው ቢያያት ሽርሽር የወጣች ቅምጥል ይላታል።

የገበያው ነገር ግን ልቤን ሊያቆመው ነበር። የደረስጌዋ ጤናዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዓይኗን በርበሬ አስመስላ በሰው መሐል ወደ እኛ መጣች። ገና «እግዜር ያጽ...» ስትል ዘልዬ ክንዷን ያዝኩና «ያንቺ ሰውዬ ተሻለው?» አልኳት። «የምን ሰውዬ?» አለች፤ ባል የላት። ቆንጥጬ ያዝኳት። ገባትና ማልቀስ ጀመረች። እኔም ለስጦታ «ላሟ ሞታባት ነው» አልኩ። ስጦታ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? «እግዜር ይተካልሽ፣ እትዬ ጤናዬ» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። አለቀቀቻትም። ሰው እየዞረ እስኪያየን ድረስ ተቃቅፈው ቆሙ። አባቴ፣ ለላም እንዲህ ይታቀፋል? ልበ ገር ስለሆነች ነው እላለሁ። እርስዎስ ምን ይላሉ?

አረጋሽ


ደረስጌ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 1975 ዓ.ም.

እኅቴ አረጋሽ፣

የመልአኩ የሩፋኤል ጥበቃ አይለይሽ። ደብዳቤሽን ዛሬ ከቅዳሴ ስወጣ አገኘሁት። አጭር እጽፋለሁ፤ መልእክተኛው ቆሞ ይጠብቀኛል።

ለላም እንዲህ አይታቀፍም።

ወይ ልጅቱ አውቃ ብቻዋን ተሸክማዋለች፣ ወይም ሳታውቅ እኔ በቃል አታልያታለሁ። ሁለቱም ዕዳው የእኔ ነው። «አርፋለች» ብዬ ስጽፍ ከውሸት ያመለጥኩ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ከውሸት የከፋ ሥራ ሠርቻለሁ። ውሸት ቢሆን አንድ ቀን «ዋሹኝ» ብላ ትቆጣ ነበር። አሁን ምን ትበለኝ?

እንኳን የወለደች እናት፣ የጎረቤት መርዶ እንኳ ሥርዓት አለው። ሽማግሌ ማልዶ ይሄዳል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ደረት ይመታል። ይህች ልጅ ይህ ሁሉ ሳይደረግላት ባሕር ተሻግራ፣ ቋንቋዋን በማይሰማ ሰው መካከል ትቀመጥ? ስለዚህ እመጣለሁ። የይለፍ ወረቀት ከቀበሌው ጠይቄያለሁ። ከመሄዷ በፊት እነግራታለሁ። ብትቀርም ትቅር።

ገብረ ኪዳን


ደባርቅ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1975 ዓ.ም.

አባቴ፣

ሰላምታዬን ይለፉኝና ቃሌን ይስሙኝ። አይምጡ! በደብሪቱ አጥንት ይዤዎታለሁ፤ አይምጡ!

«ብትቀርም ትቅር» ማለት ለእርስዎ ቀላል ነው። ለእሷ ግን ይህ ነገር ምን እንደሆነ አዩ? ደብሪቱ ለዚህች ልጅ ስንት ዓመት እንጨት ተሸከመች? በወሊድ የሞቱትን የደረስጌ ሴቶች የቀበሩት እርስዎ አይደሉም? ያቺ ልጅ ተምራ ስትመጣ አንዲቷን እንኳ ብታድን ከእኛ ለቅሶ አይበልጥም? ሟች «ትሂድ» ብላለች። እርስዎ ከሟች ይበልጣሉ?

በሩፋኤል ዕለት ዝናቡ ሲወርድ ሠፈሩ ሁሉ ወጥቶ ተጠመቀ። ስጦታም በቀሚሷ ወጣች። ልጆቹ ተጠምቀው፣ ጮኸው፣ ተሳስቀው ገቡ፤ እሷ ብቻ ፊቷን ወደ ሰማይ አቅንታ ቆማ ቀረች። «ግቢ፣ ሳንባሽን ይመታሻል!» ስላት አልሰማችኝም። ውኃው በጉንጯ ይወርዳል፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። በርዷታል ብዬ ጋቢ አለበስኳት። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ «ጥሩ ዕረፍት ነው፣ እትዬ» አለችኝ።

እኔ እፈራለሁ፣ አባቴ። ምን እንደምፈራ እንኳ አላውቅም። አውቃ እንደሆነ እፈራለሁ፤ ሳታውቅ እንደሆነም እፈራለሁ። ሌሊት ትንፋሿን አዳምጣለሁ። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ እኔ በር በተንኳኳ ቁጥር እርስዎን እያሰብኩ እደነግጣለሁ። ተጉዘው ከሆነም ይህ ወረቀት መንገድ ላይ ያግኝዎና ይመለሱ። ስትሄድ እኔ ራሴ ደረስጌ መጥቼ እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አረጋሽ


ዳባት፣ መስከረም 3 ቀን 1976 ዓ.ም.

እኅቴ አረጋሽ፣

ከዘመነ ሉቃስ ወደ ዘመነ ዮሐንስ በሰላም ያሸጋገረን አምላክ ይመስገን። ደብዳቤሽ አላገኘኝም፤ ያርጋል አሁን፣ ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ እዚህ ዳባት ላይ ሰጠኝ። ተቆጥተሽ ብትጽፊም ልክ ነሽ።

እኔስ ተነሥቼ ነበር። በደባርቅ በኩል ያለው ወንዝ አላሻግር ስላለኝ ዞሬ ወደ ዳባት ወጣሁ። የእንቁጣጣሽን ዕለት በሰው ቤት ዋልኩ። በማግስቱ ማልጄ ከመንገዱ ዳር ቆምኩ፤ ከደባርቅ የሚመጣው መኪና ዳባት ሰው ሳይጭን አያልፍምና።

መጣ፤ ቆመ። ስጦታ በመስኮት አየችኝና ወረደች። የተቆረጠ ጸጉሯን ነጠላ ሸፍኖታል። ጭቃው ላይ ተንበርክካ መስቀል ተሳለመች። መንገድ ሙሉ ያዘጋጀሁት ቃል ነበረኝ። «ልጄ» አልኩ።

እሷ ቀደመችኝ። «አባ፣ እናቴ ማረፏን ጽፈውልኛል። አንብቤዋለሁ። አሁን ሌላ ቃል አይጨምሩልኝ። ይፍቱኝና ልሂድ» አለችኝ። ቀና ብላ አይታኝ ነው ያለችው። ሾፌሩ ጡሩንባውን ይነፋል።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» አልኩ። እጄን ስማ ሄደች። መኪናው ወደ ኮሶዬ በኩል እስኪሰወር ቆሜ አየሁ።

አውቃ ነው? ሳታውቅ ነው? ቃሉን የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ መልሳ ስትሰጠኝ ግን ምን እንደያዘ መለየት አቃተኝ። ይህን ያህል ዘመን መጽሐፍ ተርጉሜያለሁ፤ የአንዲት ልጅ ቃል መተርጎም ተሳነኝ።

ገብረ ኪዳን


ደባርቅ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

አባቴ ሆይ፣

ብርዱ በእርስዎ ላይ ይለዝብልዎ፤ እዚህስ ውርጩ ባቄላውን አቃጠለው። ይኸው ሦስት ወር ሙሉ ዝም ዝም ተባብለን ከረምን። እኔም ጠፋሁ፣ እርስዎም ጠፉ። እሷም ሁለት ጊዜ ፎቶግራፍ ልካ ጨዋታ አልጻፈችም ነበር።

ትናንት ግን ደብዳቤ መጣ። ወረቀቱን ከእጄ ማውጣት ስላልቻልኩ ዋናውን እኔው ይዤ ለእርስዎ ገልብጬዋለሁ። ፊደል ብሳሳት እንባዬ ነው። እንዲህ ትላለች፦

«እትዬ አረጋሽ፣ ያን ቀን አባ አርፋለች ብለው ሲጽፉ አወቅሁ። ቄስ ስለ ሰው አርፋለች ሲል ምን ማለት እንደሆነ የደረስጌ ልጅ ይጠፋታል? ቀና ብዬ አየሁሽ። ጎመን ጨብጠሽ፣ ትንፋሽሽን ይዘሽ፣ ዓይኔን ዓይኔን ታይኛለሽ። ብጮህ መንገዴ እንደሚቀር ገባኝ፤ አንቺም የእናቴን አደራ ያፈረስሽ መስሎሽ ዕድሜሽን ሁሉ እንደምታለቅሺ ገባኝ። ስለዚህ ማንበቤን ቀጠልኩ።

ከዚያ በኋላ ተኝቼ የዋልኩት አርፌ እንዳይመስልሽ። ብነሣ እጮሃለሁ ብዬ ነው። ጸጉሬንም ለእሷ ነው የቆረጥኩት። ለላሟም ይቅር በይኝ፤ ጤናዬ ስታቅፈኝ የእናቴን የቅቤ ሽታ ሸተተችኝና መልቀቅ አቃተኝ። ደግሞ ብታምኚም ባታምኚም፣ ደስ ያለኝም ጊዜ ነበር። በገበጣ ስታሸንፊኝ እንደ ሕፃን ስታጨበጭቢ።

እትዬ፣ እስካሁን በወጉ አላለቀስኩም። የሚያረዳኝ ሰው አጣሁ። ሳይረዳ የሚያለቅስ ሰው ምን ይሉታል? ጀርመኖቹ ብነግራቸው ያዝናሉ፤ ደግ ሰዎች ናቸው፤ ግን ማልዶ በር የሚያንኳኳ የለም። አብራኝ የምትኖር አልጣሽ የምትባል የደብረ ታቦር ልጅ አለች። አባ መርዶዬን በእጃቸው ይጻፉልኝና በእሷ ስም ይላኩልኝ። ማልዳ ታነብልኛለች። እኔም እንዳልሰማ ሰው ሆኜ እጠብቃለሁ።»

ይህ ነው፣ አባቴ። እኔ እሷን እጠብቃለሁ ስል እሷ እኔን ስትጠብቀኝ ከርማለች። በዚያ ዕረፍት ያላረፍነው ሁለታችንም ነን። ሣጥኔን ከፍቼ የሐዘን ልብሴን አወጣሁ። ይጻፉላት።

አረጋሽ


ደረስጌ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጃችን ለአልጣሽ፣
ምሥራቅ ጀርመን።

የማላውቅሽ ልጄ፣ የሰው አገር እንጀራ ይጣፍጥልሽ። ከስጦታ ጋር አንድ ጣራ ሥር ያዋለሽ እግዚአብሔር ነው። እኔ አጎቷ ቄስ ገብረ ኪዳን ነኝ፤ መልእክት ልሰጥሽ ነው።

ይህን ወረቀት ማታ አታሳያት። እንድትተኛ ተያት። ማለዳ፣ አፏን ሳትሽር፣ በሩን ከውጭ አንኳኪ፤ አብራችሁ ብትኖሩም ወጥተሽ አንኳኪ። ሌሎች የአገራችን ልጆች ካሉ ጥሪያቸው፤ ነጠላ ያለው ነጠላውን ያዘቅዝቅ። አጠገቧ ተቀምጠሽ እጇን ያዢ። ከዚህ በታች ያለውን እኔ እንዳልኩት በይ፤ ሌላ ቃል አትፈልጊ። እኔ ፈልጌ ነበር።

ልጄ ስጦታ፣ እናትሽ ደብሪቱ፣ በክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ሞታለች። በእጄ ቀብሬያታለሁ። አልቅሺ።